ያላዩትን መቁጠር

ባሌ ውስጥ፣ ከሪራ ወደ ሳነቲ አምባ ሽቅብ ስንመለስ የመኪናችን ሞተር ጋለና እስኪበርድ መንገድ ዳር ቆምን። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ። ሰላም ተባባልን። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ወሬ ሲያልቅብኝ፣ ከተማ ያሳደገው ሰው ዝም ማለት አይሆንለትምና፣ «አባቴ፣ ስንት ከብት አለዎት?» አልኩ። አብሮኝ የነበረው የጎባ ልጅ፣ አስጎብኚዬ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሽማግሌው ከብቶቹን አየት አደረጉ፤ ከዚያ እኔን አዩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ጋሼ፣ ከብት እንዲህ አይጠየቅም» አለኝ ልጁ መኪናው ውስጥ ስንገባ። «ብዙ ነው ቢሉ ዓይን ይገባበታል። ጥቂት ነው ቢሉ ፈጣሪን ማማት ይሆንባቸዋል።»

አፈርኩ። ያሳፈረኝ ባህሉን አለማወቄ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ግን አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ የሴት አያቴን ጫጩቶች በጣቴ እያመለከትኩ ስቆጥር እጄን ቸብ አድርጋ «ጭልፊት ትጠራለህ!» ትለኝ ነበር። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በማስቆጠሩ በሦስት ቀን ቸነፈር 70,000 ሰው እንዳለቀበትም ያደግነው እየሰማን ነው። በእኛ አገር መቁጠር ድፍረት ነው።

ባሌ የሄድኩት ግን ቆጣሪዎችን ፍለጋ ነበር።

ነገሩን የጀመረልኝ የሚኒባስ ጎረቤቴ ነው። ከሻሸመኔ ተነስተን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈን ዲንሾ አካባቢ ስንደርስ የጋይሳይ ሜዳ በመስኮቱ በኩል ተዘረጋ፤ ሜዳው ላይ ደግሞ የደጋ አጋዘኖች። ወንዶቹ ቀንዳቸው እንደተገመደ ጅራፍ ዞር ብሎ ሽቅብ የወጣ፣ ሴቶቹ ቀንድ አልባና ጆሮ ሰፊ። ሚኒባሱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ፤ እኔም በችኮላ ቆጠርኩ። «አሥራ አንድ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

አጠገቤ የተቀመጡት ጎልማሳ ፈገግ አሉ። በወጣትነታቸው ለስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በቆጣሪነት ገጠር ለገጠር ዞረዋል። «የቆጠርከው መስኮቱን ነው» አሉኝ። «ከቁጥቋጦው ኋላ የተኛውን አየኸው? በወዲያኛው መስኮት ያለውንስ? አሥራ አንድ ማለት ቢያንስ አሥራ አንድ ማለት ነው።»

ሮቤ ስንገባ ጊዜው ኅዳር፣ ስንዴው ወርቅ ሆኖ ቆሟል፤ ኮምባይነሮቹ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው አቧራ እያስነሱ ያልፋሉ። ሰውየው በእጃቸው ማሳውን እያሳዩ አገር ምርቱን እንዴት እንደሚያውቅ አስረዱኝ። ይህን ሁሉ ስንዴ መዝኖ የሚጨርስ የለም። ዕጣ የወጣለት ማሳ ውስጥ፣ እንደገና በዕጣ በተመረጠ ቦታ፣ 4 ሜትር በ4 ሜትር በገመድ ይከለላል። የተከለለው ታጭዶ፣ ተወቅቶ ይመዘናል። ከእንደዚህ ያሉ ብዙ ቁራሽ መሬቶች ተነስቶ ነው ወረዳው፣ ዞኑ፣ አገሩ የሚገመተው። «ዋናው ነገር ዕጣው ነው» አሉ። «ገበሬው ‹እዚህ ጋ ክፈል፣ ያማረው ይሄኛው ነው› ይልሃል። እሺ ካልክ አለቀልህ።» ሮቤ መናኸሪያ ላይ ሻንጣዬን ራሳቸው አውርደው ሰጡኝና ተለያየን።

ስንዴ ግን ቆሞ ይጠብቅሃል። የሚሮጥ፣ የሚደበቅ፣ ጉድጓድ የሚገባ ፍጥረትስ እንዴት ይቆጠራል?

ይህንን የተማርኩት ጎባ፣ ባቄላ ላይ ነው። ከሮቤ ጎባ የአጭር ጊዜ መንገድ ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ይመስላል። ማታ አንዲት ቡና ቤት ከሰሉ አጠገብ ተቀምጬ ባለቤቲቱን አንድ ሳህን ደረቅ ባቄላ ለመንኳቸው። «ምን ሊያደርጉት ነው? ሊዘሩት?» አሉኝ። አርባ ፍሬ አውጥቼ በእስክሪብቶ ምልክት አደረግኩባቸው፤ መልሼ ከሌላው ጋር ደህና አድርጌ አማሰልኩ፤ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ሠላሳ ፍሬ አወጣሁ። ከሠላሳው ስድስቱ ምልክት አላቸው። እንግዲህ ከእጄ ከገባው አምስት አንዱ ምልክት ያለበት ከሆነ፣ ሳህኑም ውስጥ ከአምስት አንዱ እንዲሁ መሆን አለበት፤ ምልክት ያደረግኩት አርባ ነውና ሳህኑ 200 ፍሬ ይዟል ማለት ነው። ዘዴው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ላፕላስ በ1802 እ.ኤ.አ. በዚሁ አስተሳሰብ የአገሩን ሕዝብ ገምቷል፤ ዴንማርካዊው ፒተርሰን ለዓሣ፣ አሜሪካዊው ሊንከን ለዳክዬ አውለውታል፤ ሙያው ዛሬም በሁለቱ ስም ይጠራዋል።

ደገምኩት። በሁለተኛው ዙር ምልክት ያላቸው አራት ብቻ ወጡ፤ ግምቱ 300 ሆነ። በሦስተኛው ስምንት ወጡ፤ 150። ባለቤቲቱ በትዕግሥት አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ 217። «ታዲያ ከመጀመሪያው ለምን አልተቆጠረም?» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ባቄላ ሲሆን ይቆጠራል። ተራራ ሲሆን ግን ከእነዚያ ሦስት ግምቶች በቀር እጅህ ላይ የሚኖር የለም፤ ለዚህ ነው ሙያተኞቹ አንድ ቁጥር ብቻ ተናግረው የማይወርዱት። «ከዚህ እስከዚህ» ይላሉ። ጋዜጠኛ ደግሞ ይህን «ከ… እስከ» አይወድም፤ ቆርጦ ይጥለውና መሐሉን ብቻ ርዕስ ያደርገዋል። ብዙ ጊዜ ያደረግኩት ስለሆነ ነው የምናገረው።

ባቄላ ሌላም በጎነት አለው፤ እጄን አይፈራም። አንዴ ወጥመድ ውስጥ ገብቶ ጆሮው ላይ ምልክት የተደረገበት ቀበሮ ግን ሁለተኛ ወጥመዱ አጠገብ ላይደርስ ይችላል። ያን ጊዜ ምልክት ያለው ጥቂት ይታያል፤ ግምቱም ያለ ልኩ ያብጣል። ምግብ ለምዶ የሚመላለስ እንስሳ ደግሞ በተቃራኒው ያሳስታል። ሒሳቡ አጭር ነው፤ ችግሩ ያለው የእንስሳው ጠባይ ላይ ነው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወደ ሳነቲ ወጣን። መንገዱ ከጎባ ተነስቶ በጥድና በኮሶ፣ ከዚያ በአስታ ቁጥቋጦ መሐል እየተጠማዘዘ ከ4,000 ሜትር በላይ ያወጣል። አምባው ላይ ጅብራዎቹ እንደ ዘብ ተራርቀው ቆመዋል፤ ውርጩ ኩሬዎቹን በመስታወት ሸፍኗቸዋል። ከሩቅ ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ 4,377 ሜትር፣ አናቱ ላይ የቴሌኮም ማማ የተተከለበት።

የቀይ ቀበሮ ቆጣሪው ፈረሱን እየሳበ መጣ። እዚህ «ሞኒተር» ነው የሚባለው። የአካባቢው ልጅ ነው፤ ካፖርቱ ላይ ጋቢ ደርቧል፤ አንገቱ ላይ ባይኖክላር፣ ኪሱ ውስጥ ጂፒኤስ፣ ጠርዙ የተበላ ደብተርና በክር የታሰረ እርሳስ። «እስክሪብቶ በብርዱ ቀለሙ ይደርቃል» አለኝ እርሳሱን ሳየው።

ቀበሮ እስክናገኝ በጥንቸል አስተማረኝ። ሳነቲ ላይ ጥንቸል ብርቅ አይደለም። በቀጥታ መስመር ሄድን፤ ጥንቸል ባየን ቁጥር ከመስመራችን ምን ያህል እንደራቀ ጻፍን። መጨረሻ ላይ ደብተሩን ገልጠን ደመርን። እስከ 25 ሜትር ድረስ ሰባት፣ ከ25 እስከ 50 አራት፣ ከ50 እስከ 75 ሁለት፣ ከ75 እስከ 100 አንድ፤ በድምሩ አሥራ አራት። «ጥንቸሎቹ እኛን ፈልገው መስመራችን ዳር የተሰበሰቡ ይመስልሃል?» አለኝ። አይደሉም። መሬቱ ከመስመሩ በራቀ ቁጥር ጥንቸሉ አይቀንስም፤ ዓይናችን ነው የሚቀንሰው። አጠገባችን ያለውን ሁሉ አይተናል ካልን፣ በየ25 ሜትሩ ሰባት ሰባት መኖር ነበረበት፤ ሃያ ስምንት። አሥራ አራት አይተን አሥራ አራት አላየንም።

ደብተሩን ትኩር ብዬ አየሁት። ያላየነው ነገር ቁጥር አወጣ! በእርግጥ አሥራ አራት ጥንቸል ትንሽ ናሙና ነው፤ ነገ ብንደግመው ሌላ ይመጣል፤ መስመሩም መኪና መንገድ ከሆነ ጥንቸሉ ይሸሸዋልና ስሌቱ ይፈርሳል። ለዚህ ነው መስመር እንደ ማሳው በዕጣ የሚወጣው፤ ጭቃም ቢሆን፣ ዳገትም ቢሆን የሚኬድበት። ሙያተኞቹ በእኔ አራት ሳጥኖች ፋንታ ቀስ እያለ የሚወርድ ኩርባ ይስላሉ፤ መሠረቱ ግን ያው ነው።

ከዚያ ቀበሮዋ መጣች። ቀይ፣ ቀጭን፣ እግረ ረጅም፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ፣ የፈረስ ቀበሮ ይሏታል፤ የወለደች ባዝራ ስታይ የእንግዴ ልጇን ለመብላት ትከተላለችና። እኛን ከቁብ አልቆጠረችንም። አንድ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ደርሳ ሆዷን መሬት አስነክታ አደባች። የሳነቲ ፍልፈል የዋዛ አይደለም፤ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ከባሌ ተራሮች ውጭ አይገኝም። አጠገቡ ደግሞ አንዲት ቡናማ ወፍ ትቀመጣለች፤ ፍልፈሉ የሚያወጣው አፈር ውስጥ ነፍሳት ትለቅማለች፤ አደጋ ስታይ ትጮህና እሱም ይገባል። ያን ዕለትም ጮኸች። ቀበሮዋ ጉድጓዱን ለአፍታ አይታ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አዛጋችና ሄደች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሌላኛው ጉብታ በኩል አንድ ቀበሮ አየሁና «ሁለት!» ብዬ ጻፍኩ። ሞኒተሩ ባይኖክላሩን ሳያወርድ «ያቺው ናት» አለ። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ቀደድ ብሏል፤ የጅራቷ ጥቁርም ከሌሎቹ አጠር ይላል። ጉብታውን በኋላው ዞራ ነው የመጣችው። በአንድ ጠዋት የዓለምን የቀይ ቀበሮ ቁጥር በአንድ ጨምሬ ነበር ማለት ነው። ቀልድ አይደለም፤ በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እነዚሁ ተራሮች ላይ ናቸው።

ለዚህ ነው ቀበሮ እንደ ጥንቸል በመስመር ብቻ የማይቆጠረው። ቀን እያንዳንዱ ብቻውን ያድናል፤ ተበታትኖ ስታየው ማን ማን እንደሆነ ይጠፋብሃል። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ግን መንጋው ይሰበሰባል፤ ይላላሳል፤ ይላፋል፤ ከዚያ አብሮ ተሰልፎ ወሰኑን ይዞራል። በመንጋው ውስጥ በአማካይ ስድስት አዋቂዎች ይኖራሉ፤ የምትወልደውም አንዲቱ እመቤት ናት። ሞኒተሩ በዚያ ሰዓት ጉብታ ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ግልገል ሲወለድ ይጽፋል፤ አዲስ መጤ ሲታይ ይጽፋል። «ሥራዬ ማን እንዳለ ማየት አይደለም» አለኝ። «ማን እንደቀረ ማየት ነው።»

የዚህን ነገር ክብደት የሚያውቁት እዚሁ ባሌ ተራሮች ውስጥ ያለው የዌብ ሸለቆ ሰዎች ናቸው። አርጀንቲናዊው ክላውዲዮ ሲሌሮ-ዙቢሪ ቀበሮዎቹን ማጥናት የጀመረው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነበር። እየተጠኑ ሳለ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ገባና ጨረሳቸው። ከዚያ በኋላ ነው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በ1995 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው። በ2003 እ.ኤ.አ. በሽታው ተመልሶ ዌብ ገባ። ሞኒተሮቹ ሬሳ አገኙ፤ ከሬሳው በላይ ያስደነገጣቸው ግን የቀሩት ናቸው፤ ጠዋት ሰልፉ ላይ መታየት የነበረባቸው፣ ሬሳቸውም ያልተገኘ። በዚያ ወረርሽኝ ከዌብ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ስም ዝርዝር የሌለው ሰው ስንት እንደጎደለበት አያውቅም። ሳይቆጠሩ ቢሆን ኖሮ ሸለቆው «ዘንድሮ ጭር ብሏል» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ቁጥር ሕይወት ያዳነው። ሁሉንም ቀበሮ ይዞ መከተብ አይቻልም፤ ለበሽታው ደግሞ ጊዜ የለም። ወደ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች ተይዘው ተከተቡ፤ የተመረጡትም ዌብን ከሌሎቹ አምባዎች ጋር በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች የሚኖሩት ናቸው። በር ላይ ዘብ እንደማቆም ነው። ወረርሽኙ ተገታ። ከዚያ የስንት ዓመት ቆጠራ ወደ ኮምፒውተር ሞዴል ገብቶ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. «ኔቸር» መጽሔት ላይ የታተመው ጥናት ጥቂቶቹን እንኳ በቦታቸው መከተብ ትልቁን እልቂት እንደሚያስቀር አሳየ። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ተሸፍኖ ይጣልላቸዋል፤ መያዝም፣ ማስጨነቅም ቀረ። ንጉሥ ዳዊት ቆጥሮ ቸነፈር መጣበት፤ ዌብ ላይ ነገሩ ተገላብጧል።

በሽታው ግን ከቀበሮ አይነሳም፤ ከእረኛ ውሻ ነው። ስለዚህ ውሾችም ይከተባሉ። አስጎብኚዬ እንደነገረኝ ከብቱን የማይቆጥር ሰው የውሾቹን ቁጥር ግን ሳይግደረደር ይናገራል። ውሻ ዓይን አይገባበትም መሰለኝ።

ከቀበሮው ወደ አጋዘኑ ስመለስ ነገሩ ይደፈርሳል። የደጋ አጋዘን ለሳይንስ የታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ኢቮር ባክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1908 እ.ኤ.አ. አደነው፤ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊደከር በ1910 ስም አወጣለት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን ተራሮቹን ዞሮ ከ7,000 እስከ 8,000፣ ቢበዛ 12,500 ይሆናሉ አለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የጋይሳይ አጋዘኖች ታረዱ፤ ከተረፉት ብዙዎቹ ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት አጥር ውስጥ ገብተው ተጠለሉ፤ ዛሬም እዚያ ሰው አጠገብ ቆመው ሣር ይግጣሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ ጠቅላላ ቁጥራቸውን 3,700 ገደማ አደረገው፤ ግን ከ2,500 እስከ 5,700 አካባቢ ሊሆን ይችላል ብሎ።

እንግዲህ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው? እንደዚያ ማለት አይቻልም። የብራውን ቁጥር ተራሮቹን ዞሮ፣ ልምዱን ተመርኩዞ የገመተው ነው። የኋለኛው የሒሳብ ውጤት ነው። ሁለቱን ቀንሶ «ይህን ያህል ጎደለ» ማለት በሁለት የተለያየ ቁና የተሰፈረ እህል ማነጻጸር ነው። ጫካ ውስጥ አጋዘኑ ሲሸሽ ደግሞ ፋንድያው ይቆጠራል፤ አንድ አጋዘን በቀን ስንቴ እንደሚጥል፣ የጣለውም በስንት ቀን እንደሚበሰብስ ካወቅህ ከተገኘው ክምር ተነስተህ ባለቤቶቹን ታሰላለህ። ዝናብ ሲበረታ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ሲደርቅ ይቆያል። የዝናቡን ወር ለበጋው ብትጠቀም ጫካው በወረቀት ላይ በአጋዘን ይሞላል።

ወረቀቱ ደግሞ ዋጋ አለው። በባሌ ዙሪያ ለውጭ አዳኞች የተከለሉ የአደን ቀበሌዎች አሉ፤ በዓመት ስንት ወንድ ይገደል የሚለው ፈቃድ የሚቆመው በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው። በአንድ በኩል ቁጥሩ ቢበዛ ደስ የሚለው አለ፤ በሌላ በኩል ቁጥሩ ሲያንስ እርዳታ የሚመጣለት። ለዚህ ነው እኔ ከትልቁ ግምትም ከትንሹም ይልቅ በየዓመቱ በአንድ ቁና፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ ወር የተሰፈረውን የማምነው። ቁናው ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ አምናና ዘንድሮ እኩል ይዛነፋል፤ ጭማሪና ጉድለቱ ግን ይታያል። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ከሆነ ወዲህ ጎብኚው ስለ ውበቱ ሲያወራ እሰማለሁ፤ ስለ ቁናው የሚያወራ አልገጠመኝም።

በመጨረሻው ቀን እንደገና ሳነቲ ወጣን። ጭጋግ ነበር። ሞኒተሩ ፈረሱን በአስታው ግንድ አስሮ በመስመሩ ተጓዝን፤ ሁለት ሰዓት። ጥንቸል የለም፤ ቀበሮ የለም፤ ቡናማዋ ወፍ እንኳ ዝም ብላለች። ጣቶቼ ደንዝዘው የመኪናውን ሙቀት እያሰብኩ ነበር። «ዛሬ እንዲሁ ለፋን» አልኩት።

እሱ ቆሞ ጋቢውን አስተካከለ፤ ደብተሩን አወጣ። የእርሳሱን ጫፍ ምላሱ ላይ አስነካ። ቀኑን ጻፈ፣ የተነሳንበትን ሰዓት፣ የደረስንበትን፣ ነፋሱን፣ «ጭጋግ» ብሎ። ከዚያ ከጎኑ ባለው ሳጥን ውስጥ በጥንቃቄ፣ ከሌሎቹ ቁጥሮች ሳያሳንስ፣ ክብ አድርጎ ዜሮ ጻፈ።